ኳሷ ተራ አታውቅም

«ቀይ አምስቴ ተከታትሎ ወጥቷል፤ አሁን የጥቁር ተራ ነው።» ውርርድ ቤት ስክሪን ሥር ቆሞ ወይም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «ስፒን» የሚጫወት ወጣት ይህን የሚለው ሙሉ በሙሉ ተማምኖ ነው። ስፒን የድሮው ሩሌት ነው፤ ኳሷን የሚጥላት ሰው መሆኑ ቀርቶ ቁጥሩን ኮምፒውተር ያወጣዋል። የአርባምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ ጨንቻም ሆነ አዲስ አበባ፣ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው።

የተለመደው ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ዜሮ። ቀይ አምስት ጊዜ ወጣም አልወጣም፣ ቀጥሎ ጥቁር የመውጣቱ ዕድል ከ37 አሥራ ስምንት ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ አረፈች። ተጫዋቹ በየዙሩ «አሁንስ ቀይ አይቀርም» እያለ ገንዘቡን ቀይ ላይ አፈሰሰና ሚሊዮኖች ፍራንክ ተበላ።

ይህን እምነት የሞኝ ሐሳብ የሚሉት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። በዕለት ኑሯችን እውነት ሆኖ ያገኘነው ነገር ነውና። የጋሞ ደጋ ሸማኔም ሆነ የአርባምንጭ ሙዝ ነጋዴ ዕቁብ ሲጥል ተራው እንደሚደርስ ያውቃል። ሃያ አባላት ባሉት ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ስም ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የአንድ አባል ዕድል ከ20 አንድ ነው፤ በአሥረኛው ዙር ያልደረሰው ሰው ዕድል ከ11 አንድ ይሆናል፤ የመጨረሻው ሰው ያለ ጥርጥር ይበላል። እዚያ መታገሥ በእርግጥ ያዋጣል። ሩሌት ግን የወጣውን ቁጥር በየዙሩ ይመልሰዋል። ኬኖም እንደዚያው ነው፤ በአንድ ዙር ከ80 ቁጥሮች 20 ይወጣሉ፣ ለቀጣዩ ዙር ግን ሰማንያዎቹም ተመልሰው ይገባሉ። «ይህ ቁጥር ከወጣ ሰነበተ» የሚለው ስሌት ዕቁብ ላይ ልክ ነው፣ እዚህ ዋጋ የለውም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የተደረደሩት ያለፉ ውጤቶች ስለሚመጣው ዙር አንዳች ነገር አይናገሩም።

ሁለተኛው ተረት ከስፒን ይልቅ በእግር ኳስ ውርርድ ይብሳል፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ሲያልቁ ባጃጅ ነጂውም ተማሪውም «በአንድ ጌም ተበላሁ!» ይላል። ሁሉም ካልተሳኩ ከማይከፍል የአሥር ጨዋታ ትኬት ዘጠኙን አግኝቶ አሥረኛውን መሳት ለማሸነፍ የመቃረብ ምልክት ይመስለዋል፤ በማግሥቱም ሌላ ትኬት ይቆርጣል።

እስቲ እናስላው። አሥሩንም ጨዋታ በደንብ የሚያውቅ፣ እያንዳንዱን የመገመት ዕድሉ 70 በመቶ የሆነ ሰው እንውሰድ። ይህ ጎበዝ ገማች ነው። ከ100 ትኬቶቹ አሥሩም ጌም የሚሳካላቸው ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። በአንድ ጌም ብቻ የሚበላሹት ግን 12 ያህል ናቸው። በአንድ ጌም መበላት ከማሸነፍ አራት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ የመቃረብ ምልክት ሳይሆን የትኬቱ የዘወትር ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለጥቂት መሳት ከማሸነፍ ጋር የተያያዙትን የአንጎል ክፍሎች እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ሰውየው ገንዘቡን አጥቶ ልቡ ግን ያሸነፈ ያህል ይነሣሣል።

ጌም በበዛ ቁጥር የአጫዋቹ ድርሻም ይባዛል። የመሳካትና ያለመሳካት ዕድላቸው እኩል የሆነ አሥር ጌሞች እያንዳንዳቸው በ1.90 ኦድ (የክፍያ ማባዣ) ቢያዙ፣ 10 ብር የሚያስገኘው 6,131 ብር ግድም ነው። ትኬቱ የሚሳካው ግን ከ1,024 አንዴ ስለሆነ ትክክለኛው ክፍያ 10,240 ብር መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር።

«እጄ ገደኛ ነው፣ ራሴ ስመርጥ ይቀናኛል» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ኤለን ላንገር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጥናት፣ የሎተሪ ትኬታቸውን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች ትኬቱን መልሰው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ሌላ ሰው መርጦ የሰጣቸው ከጠየቁት ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። የሁሉም ዕድል አንድ ሲሆን ያደገው መተማመናቸው ብቻ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የመጨረሻው ነው፤ «ስትበላ እጥፍ አድርገህ አስያዝ፣ አንዴ ካሸነፍክ ሁሉም ይመለሳል» የሚለው። በ10 ብር የጀመረ ሰው 20፣ 40፣ 80 እያለ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢበላ በአጠቃላይ 10,230 ብር ያጣል። ተስፋ ሳይቆርጥ ለመቀጠል ሌላ 10,240 ብር ያስፈልገዋል፤ ቢሳካለት እንኳ ትርፉ 10 ብር ብቻ ነው። ቀይና ጥቁር ላይ አሥር ጊዜ ተከታትሎ መበላት በአማካይ ከ784 ሙከራ አንዴ ይደርሳል። በ783ቱ ሙከራ የሚሰበሰበው ትርፍ 7,830 ብር ነው፤ በአንዱ የሚጠፋው 10,230።