ታንኳ ከነደንገሉ

የደንገል ታንኳ ዕድሜ በወራት ይቆጠራል። ባለቤቱ ከውኃ እያወጣ ካደረቀው ጥቂት ወራት ያገለግለዋል፤ ሐይቁ ላይ ጥሎት የሚያድር ከሆነ ግን በሳምንታት ውስጥ ይከብድና ይበሰብሳል። የእንጨት ጀልባ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ኪሳራ ይመስለው ይሆናል። ለጣና ሐይቅ ዳር ሰው ግን ታንኳ እንደ ሰብል ነው፤ አሮጌው ይጣላል፣ አዲሱ ከረግረጉ ይታጨዳል። በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የታንኳ ጉዞ የሚያስብ ሰውም ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት ዳሩን ቢቃኝ ይበጀዋል፤ ደንገሉ ቆሟል? ታጭዷል? ወይስ ተቃጥሏል?

ደንገል ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚረዝም የረግረግ ተክል ነው። አረንጓዴው አገዳ ሦስት ጎን አለው፤ አናቱ ላይ ቀጫጭን ክሮች ይበተናሉ። ልጡ ሲላጥ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳና አየር የሞላው ሆኖ ይገኛል። የጥንት ግብፃውያን የጽሕፈት ፓፒረሳቸውን የሠሩት ከዚሁ ነጭ ልብ ነው፤ ታንኳውንም የሚያንሳፍፈው እሱው ነው። አገዳው ከሥሩ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ለቀናት ይሰጣል። ትዕግሥት ያጣ ሠሪ ዋጋውን ይከፍላል፤ እርጥብ ደንገል ሲታሰር የጠበቀ መስሎ ይቆይና ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ገመዱም ይላላል።

የደረቀው አገዳ በረጃጅም እስር ይጠቀለላል፤ እስሮቹ ጎን ለጎን ተገጥመው በገመድ ይጠፈራሉ። ፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በግራና በቀኝ ተጨማሪ እስር ይነባበርና ጠርዝ ይወጣለታል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ሌላ ደረቅ ደንገል ይነጠፋል። ይህ ንጣፍ ለምቾት ብቻ የተደረገ አይደለም። ታንኳ ውኃን የሚከለክል ግድግዳ የለውም፤ ውኃው በአገዳው መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ጀልባው የማይሰምጠው አገዳው ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ስለዚህ ንጣፉ ተሳፋሪውንና ጭነቱን ከእርጥበቱ ከፍ ያደርጋል። ቢሆንም ሱሪው ሳይነካው እደርሳለሁ የሚል መንገደኛ ራሱን ያታልላል። ቀዛፊው የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያለ ይቀዝፋል፣ ውኃው ሲሳሳ ደግሞ የሐይቁን ወለል ወግቶ ይገፋበታል። ሲመለስ ታንኳውን ወደ ደረቅ መሬት ይጎትትና ውኃው እንዲንጠፈጠፍለት ያቆመዋል።

በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። በሐይቁ ዙሪያና በባሕር ዳር ከተማ ይኖራሉ። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ሆኗል። ከደንገል ታንኳ ብቻ ሳይሆን ቅርጫትና ሌላም የቤት ዕቃ ይሠራሉ። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባሉ በጎረቤት ሲናቁ ኖረዋል። ባሕር ዳር ታንኳውን በፖስት ካርድና በሆቴል ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች፤ ሠሪዎቹን ግን እስካሁን ከማዕዷ እምብዛም አላቀረበችም።

ጣና ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ሐይቁ ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ስለዚህ የታንኳ ጉዞ በማለዳ ይጀመራል፣ መንገዱም በተቻለ መጠን የባሕሩን ዳር ተከትሎ ይሄዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ለመዝናኛ ጉዞ አይመከርም። ውኃው ከክረምቱ መጨረሻ በኋላ ሞልቶ ይታያል፤ በግንቦት ግን ወደ ውስጥ ሸሽቶ ማረፊያው ሁሉ ጭቃ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ደብረ ማርያም ትበቃዋለች፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለች ደሴት ናት፣ በታንኳ መሻገሩም አጭር ነው። እዚያ አካባቢ ጉማሬ ስለሚውል የቀዛፊውን ቃል መስማት ግድ ነው። ዘጌ የተባለው ባሕረ ገብ መሬት ሩቅ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው መንገድ በታንኳ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የዘጌ ሰዎች ማገዶና ሌላ ጭነት በታንኳ ቆልለው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ለመሄድ የሚያስቡ ሴቶች ደሴቱ ለወንድ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

በታንኳ ረጅም ጉዞ ካደረጉት የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ቺስማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ የሐይቁን ደሴቶችና ገዳማት ዞሮ መዝግቧል፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታትሟል። ከእርሱ በላይ ደንገሉን ለዓለም ያስተዋወቀው ግን ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት 12 ቶን የጣና ደንገል አስጭኖ ወደ ግብፅ ወሰደ። ከዚሁ ደንገል ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ የተነሣችው ጀልባ «ራ» ከብዙ ሳምንታት ጉዞ በኋላ ኋላዋ ረግቦ ተፈታታና ከመድረሻዋ ሳትደርስ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የመጀመሪያይቱን የሠሩት የቻድ ሐይቅ ሰዎች፣ ሁለተኛይቱን የቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ደንገሉ የጣና ሆኖ ሳለ የጣና ሠሪዎች እጅ ያልገባበት መሆኑ ያስቆጫል።

አሁን ወደ ተቃጠለው ዳር። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል፤ ለም ነውና ገበሬ ይዘራበታል። ደንገሉም ለእርሻና ለግጦሽ ሲባል ይመነጠራል፣ አንዳንዴም እሳት ይለቀቅበታል። የሚገርመው፣ ደንገልን የሚገድለው በአብዛኛው እሳቱ አይደለም። ግንዱ እርጥብ ጭቃ ውስጥ አግድም ተጋድሞ ስለሚኖር ላዩ ቢነድም ከሥር መልሶ ያቆጠቁጣል፤ መሬቱ ካልተነካ በወራት ውስጥ ቁመቱን መልሶ ይይዛል። ከእሳቱ በኋላ ማረሻና ከብት ሲከተሉ ግን ሥሩ ይነቀላል፣ ለጋው ቡቃያም ይጋጣል። ያኔ ደንገሉ አይመለስም።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል አገር ተንጫጭቶ ነበር፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች መጡ። መምጣታቸውም ተገቢ ነበር። የሐይቅ ዳር ደንገል ሲነድ ግን ዜና አይሆንም፤ ከሩቅ ያየውም ሰው ሣር ተቃጠለ ብሎ ያልፋል። ደንገሉ ግን ማዕበል ያበርዳል፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ለዓሣና ለወፍ መጠለያ ይሆናል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ረግረጉም አብሮ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም ደግሞ የዳሩን ቦታ ይሻማል፤ ጠቅጥቆ ሲሸፍነው የታንኳ ዘንግ አያልፈውም።

ስለዚህ መንገዱ በተቃጠለ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ዕቅዱን ትንሽ ይለውጣል። ነፋስ የሚመክት ደንገል ስለሌለ ከወትሮው ቀድሞ ይነሣል፤ ለማረፍም ደንገል የቆመበትን ጥግ ወይም የታወቀ ወደብ አስቀድሞ ይመርጣል። ከከሰሉ መካከል የቀረው ጉቶ የታንኳውን ገመድ ሊበጥስ፣ ባዶ እግርንም ሊወጋ ስለሚችል እዚያ ባይወርድ ይሻለዋል። በተጨማሪም ታንኳው ከየት ታጭዶ እንደመጣ ሠሪውን ይጠይቅ። ቅርብ ያለው ደንገል ካለቀ አጫጁ ራቅ ወዳለ ረግረግ መሄዱ፣ ሸክሙንም መልሶ በሐይቁ ላይ መጎተቱ ስለማይቀር፣ የታንኳው ዋጋም ተሠርቶ የሚደርስበት ቀንም በዚያው ልክ ይለወጣል።