ጤና አዳም፦ ጥቅሙና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ጤና አዳም በኢትዮጵያ ከጓሮ ከማይጠፉ መዓዛማ ዕፅዋት አንዱ ነው። ቅጠሉ በቡና ሲኒ ውስጥ ይነከራል፤ ፍሬው በበርበሬ ቅመምነት ይውላል። ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት ወይም ጉንፋን ሲያጋጥምም ብዙዎች ቀድመው የሚቀጥፉት ይህንኑ ተክል ነው። ይሁን እንጂ ለቡና ማጣፈጫ የሚበቃው አንድ ዘለላና ለመድኃኒት ተብሎ የሚጨመቀው ጭብጥ ቅጠል በሰውነት ላይ የሚያሳድሩት ተፅዕኖ እጅግ ይለያያል።

በሳይንሳዊ መጠሪያው ሩታ ቻሌፔንሲስ የሚባለው ይህ ተክል ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ጠንካራ ሽታው የሚመነጨው በቅጠሉና በፍሬው ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ነው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተክሉ ሕመምንና እብጠትን የመቀነስ ባሕርይ እንዳለው አሳይተዋል። ይህ ግን ለሰው የሚበጀውን መጠን የሚያመለክት አይደለም። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ማስመለስና ከባድ የሆድ ሕመም ያስከትላል፤ ጉበትንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። ተክሉ ማሕፀን እንዲኮማተር ስለሚያደርግ ለውርጃ ሊዳርግ ይችላል፤ በመሆኑም በእርግዝና ወቅት ከነጭራሹ መተው ይመረጣል። ለሆድ ቁርጠት ጭማቂውን ለጨቅላ ሕፃናት መስጠትም አይመከርም። ሕፃናት እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት ሌላ የሚያስፈልጋቸው ነገር የለም። ሕመሙ ከጸና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ተገቢ ነው።

ብዙዎች ያላስተዋሉት ሌላው ጉዳት በቆዳ ላይ የሚደርሰው ነው። በተክሉ ውስጥ የሚገኘው ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ቆዳን ነክቶ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ያቃጥላል። መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ የሚታየው አንድና ሁለት ቀን ቆይቶ በመሆኑ ምክንያቱ ጤና አዳም መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ስለዚህ ለገበያ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሰው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ከበረደ በኋላ ቢሰበስቡ ይመረጣል። ሥራው እንዳበቃም እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ያስፈልጋል። ጭማቂውን ግንባራቸውን የተቀቡ ሰዎችም ሳይታጠቡ ወደ ፀሐይ መውጣት የለባቸውም።

በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ጤና አዳምን ለሕክምና ከመጠቀማቸው በፊት ለጤና ባለሙያ መንገር ይኖርባቸዋል።