ሞልቶ የሚሸሽ ወንዝ

ስለ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ረሃብ ሲነሳ ክርክሩ በኩንታል ይቆጠራል፤ ስንት እርዳታ ገባ፣ ሄክታሩ ስንት ሰጠ እየተባለ። የሙርሲ፣ የቦዲ፣ የካራና የዳሰነች ሰዎች እንዴት እንደሚያርሱ ላየ ግን ጥያቄው የወቅት ነው። በደጋው ክረምት የሚሞላው ኦሞ በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን ያጥለቀልቅና ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። (ጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» የሚባለውን መሬት የሚያውቅ ነገሩ አይጠፋውም።) በዚያ እርጥበት የተዘራ ማሽላ ጠብታ ዝናብ ባይጥል እንኳ በበጋው ይደርሳል። በበልግ የሚዘራው ሌላው ማሽላ ዝናቡ ሲከዳ አብሮ ይከዳል፤ ያኔ ከብት ተሽጦ እህል ይገዛል። ሦስቱም ለየብቻቸው ደካማ ናቸው፤ ቤቱን ያቆየው የአንዱን ጉድለት ሌላው መሙላቱ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኦሞ ግድብ፣ ጊቤ 3፣ ከሦስቱ የተሻለ የሚታመነውን፣ ጎርፉን፣ ያዘው። «ድሮስ ጠግበው ያድሩ ነበር?» የሚል አይጠፋም። አላደሩም፤ በ1960ዎቹ ሙርሲዎችን ክፉ ረሃብ መትቷቸዋል። ግን ከሦስት ምሰሶ አንዱን መንቀል እንዲያ ያለውን ቀን ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል የሚለው ደግሞ እውነት ነው፤ የግድቡ የራሱ የአካባቢ ጥናት ግን ጉዳቱን አምኖ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በተስፋው ልክ አልተለቀቀም። የሚለቀቅ ውሃ ተርባይን ሳይመታ ያልፋል፤ ታች ደግሞ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ሸንኮራ ያንኑ ውሃ ይጠብቃል። ገበሬው ከሁለቱም ኋላ ነው የተሰለፈው።

ብርቱው መከራከሪያ የመስኖው ነው፤ በመንደር ለተሰባሰቡት የበቆሎ ማሳ ተሰጥቷቸዋል፣ ቦይ ከዝናብ ይታመናል ይባላል። ይታመናል፤ ቦዩን የሚከፍተው ሰው እስከከፈተው ድረስ። የወንዙን ዳር ጎሳው ራሱ ይከፋፈለው ነበር፤ የማሳው ውሃ ቁልፍ ግን ሌላ እጅ ነው፤ ሸንኮራው የያዘው መሬትም የከብት ግጦሽ ነበረ። በቅርቡ ደግሞ «ጎርፉ ይኸው ተመልሶ የለም?» የሚሉ ተሰምተዋል፤ ውሃው ዳሰነችን አጥለቅልቆ ሰው አፈናቅሏልና። ኦሞ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ግን ከፍ ብሎ መሬቱን እንደሸፈነ ቆይቷል፤ ባልሸሸ ውሃ ላይ ማሽላ የሚዘራ የለም።