ከቀንበር እስከ ጋንቾ፦ የማያያዣ ፊዚክስ

ወደ ምሥራቅ ጎጃም ተጉዞ ቢቸናንና ሞጣን በእርሻ ወቅት የጎበኘ ሰው በማሳው ላይ ጥንድ በሬ፣ በከተማው መንገድ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ መመልከቱ አይቀርም። በሬዎቹ ማረሻ፣ ፈረሱም ጭነት ይጎትታሉ። በሁለቱም ዘንድ ጎታቹን ከተጎታቹ ጋር የሚያገናኝ፣ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም ማያያዣው ነው። ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ ሳይሆን በገበሬው ወይም በአካባቢው ባለሙያ እጅ የሚሠራ ነው። ስለ ማያያዣ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ይበጠሳል ወይስ አይበጠስም?» የሚል ነው። ከዚህ የማይተናነሰው ጥያቄ ግን «የት ቦታ ላይ ተያያዘ?» የሚለው መሆኑን በዚህ ጽሑፍ እናሳያለን።

ቀንበር፣ ሞፈርና ምራን

እንደሚታወቀው ሞፈር ከማረሻው ተነሥቶ ወደ ቀንበሩ የሚዘልቅ ረጅም እንጨት ነው። ከቀንበሩ ጋር የሚያስተሳስረው ምራን የተባለው የቆዳ ጠፍር ነው። አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላ ሲይዘው ኃይሉ በሞፈሩ በኩል አልፎ ቀንበሩ ላይ ያርፋል። ሞፈሩ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀንበሩ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሳባል።

ነገሩን ለማቃለል የመጎተቻው ኃይል 800 ኒውተን ሆኖ በሞፈሩ አቅጣጫ ይሠራል እንበል። ሞፈሩ ከመሬት ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን 15 ዲግሪ ቢሆን ቀንበሩን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል 800 በ15 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ፣ 207 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህም 21 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ማለት ነው። ማዕዘኑ ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ቢል ግን 338 ኒውተን ወይም 34 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። የሞፈሩ ርዝመትና የምራኑ አስተሳሰር የበሬውን ጫንቃ የሚያሳርፉት ወይም የሚያቆስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ምራኑ በቀንበሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታም የራሱ ትርጉም አለው። የሁለቱ በሬዎች ጫንቃ በ100 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል እንበል። ምራኑ በትክክል መካከል ላይ ቢሆን እያንዳንዱ በሬ 400 ኒውተን ይስባል። ወደ ጠንካራው በሬ በ5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጠጋ ግን የጠንካራው ድርሻ 440፣ የደካማው 360 ይሆናል። ጥቂት ጣት ያህል ርቀት የሥራውን ድርሻ ይቀይረዋል።

የአንድ በሬ ሙከራ

በአገራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ በየተራ ያርሳል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመውና በኋላ የዛሬው ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ምርምር ተቋም አካል የሆነው ኢልካ፣ በ1980ዎቹ ለዚህ ችግር መላ ለመሻት በደብረ ብርሃን ጣቢያው ሙከራ አካሂዷል። ተመራማሪዎቹ ሞፈሩን አሳጠሩት፤ ከሥሩም በመሬት ላይ የሚንሸራተት ብረት አደረጉለት። ለአንድ በሬ የሚሆን ቀንበር ሠርተው በግራና በቀኝ በሁለት ገመድ ከአንድ አግድም እንጨት ጋር አገናኙት። በዚህም የሞፈሩ ጫና ከበሬው ጫንቃ ወደ መሬት ወረደ፤ አግድሙም እንጨት የግራና የቀኙን ገመድ መሳብ አመጣጠነ።

ፊዚክሱ የሠመረ ቢሆንም ዘዴው በገበሬው ዘንድ በሰፊው አልተለመደም። ማያያዣ የኃይልን መንገድ ያስተካክላል እንጂ ኃይልን አይፈጥርም። እንደ ቢቸና አካባቢ ባለ ከባድ ዋልካ አፈር የአንድ በሬ ጉልበት ውስን ነው። መቀናጆም ሁለት በሬ ከማስገኘት አልፎ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራል።

የጋሪው ሚዛን

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ በጎማው ዘንግ ላይ ያረፈ ሚዛን ነው። ከፊት ያሉት ሁለት እንጨቶች የሚያርፉበት ቦታ ከጎማው ዘንግ 2 ሜትር ይርቃል፤ ጋሪው ከነጭነቱ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የስበት ማዕከሉ ከዘንጉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆን በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚያርፈው 15 ኪሎ ግራም ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያልፍ ደግሞ እንጨቶቹ በ15 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ላይ ይነሡና የሆዱ ጠፍር ፈረሱን ያስጨንቀዋል። ጭነቱ ያው 300 ኪሎ ግራም ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

ከመኪና ኋላ

ይኸው ሕግ በመኪናም ላይ ይሠራል። በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋና ማብሰያ የተገጠመላቸውን መኪኖች ይዘው የሚጓዙ ሰዎች፣ ከኋላ ባለው ጋንቾ ላይ ብስክሌት ወይም ሣጥን የሚሸከም መደርደሪያ በገዛ እጃቸው በይደው ይገጥማሉ። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላ ጎማው 1.5 ሜትር ወጣ ብሎ 60 ኪሎ ግራም ቢሰቀል ምን ይሆናል? የኋላ ጎማዎች ጭማሪ 60 ሳይሆን 90 ኪሎ ግራም ነው፤ የፊት ጎማዎች ደግሞ በ30 ኪሎ ግራም ይቀልላሉ። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይላላል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ንዝረቱ ሲደጋገም ብየዳው ይደክማል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ቀስ በቀስ ያድጋል።

ተሳቢ ሲጎተትም በሰሜን አሜሪካ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ጋንቾው ቢፈታ ተሳቢው እንዳያመልጥ የሚታሰረው የመጠባበቂያ ሰንሰለትም እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም።

ተማሪዎች ሊሞክሩት የሚችሉት

ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ያህል ጣውላ፣ እንደ ጎማ ዘንግ የሚያገለግል ቁራጭ ቱቦ፣ አንድ ድንጋይና የላቦራቶሪ የስፕሪንግ ሚዛን ይበቃሉ። ጣውላውን በቱቦው ላይ አስደግፈን የፊቱን ጫፍ በሚዛኑ እናንጠልጥል። ከዚያም ድንጋዩን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ እያንቀሳቀስን ንባቡን እንመዝግብ። ነጥቦቹ በግራፍ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ።

ያንን መስመር የተረዳ ተማሪ ለባለ ጋሪው ከጭነቱ ሳይቀንስ ፈረሱን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ ለበያጁም መደርደሪያውን ለምን ወደ መኪናው ማስጠጋት እንዳለበት ሊያስረዳ ይችላል። ቆዳው የከበደው ፈረስና በሬ ስለ ሕመሙ አይናገርም፤ እኛ ግን ማስላት እንችላለን።