ጣና ዳር ቆሞ ሞራል መጠበቅ

ባሕር ዳር ስፖርት ላለመሥራት ሰበብ የምታሳጣ ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፤ ጎዳናዎቿ ዘንባባና ጥላ አላቸው፤ ሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ አለ። ዳገት ያማረው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይንና ከተማዋን ቁልቁል ያያል። ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለትንፋሽ ይቀልላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ እንቁጣጣሽ ላይ "ዘንድሮ ስፖርት እጀምራለሁ" ያለው ሰውና ኅዳር ላይ መንገድ ላይ የሚታየው ሰው ቁጥራቸው አይገናኝም። የቀረውን ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው፦ "ሞራሌ ወረደ።" እኔ ጥፋቱን ከሰውየው ይልቅ ስለ ሞራል ሲነገረው በኖረው ነገር ላይ አደርገዋለሁ።

ተረት፦ መጀመሪያ ሞራሉ ይምጣ፣ ስፖርቱ ይከተላል

ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስፖርት ከመሥራታቸው በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው እንዲገምቱ ጠየቋቸው፤ ሲጨርሱ ደግሞ ምን ያህል ደስ እንዳላቸው። ግምታቸው ከደረሰባቸው ደስታ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አስቀድመን ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነው፤ እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያሰላ ሰው የሚታየው የጫማው ቅዝቃዜ፣ የጉልበቱ መንቀጫቀጭ፣ የውሻው ጩኸት ነው። ሰውነቱ ሲሟሟቅ የሚመጣውን አያሰላውም። ስለዚህ ተኝቶ ሞራሉን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ከተነሣ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ የራሷ ማስረጃ አላት። ባጃጅ ሳይሞላት በፊት የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ፔዳል እየመታ ሥራና ትምህርት ቤት የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ከኋላው ወንበር ላይ የሽንኩርት ፌስታል አስሮ ወደ ቤቱ የሚገሠግሠውን ሰው አስቁማችሁ "ዛሬ ለስፖርት ሞራል አለህ?" ብትሉት ያበዳችሁ ይመስለዋል። እሱ ቤቱ መግባት ነው የፈለገው። ልቡና ሳንባው ግን ዓላማውን አይጠይቁትም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለመጓጓዣ የሚደረገውን የእግርና የብስክሌት ጉዞ ከስፖርቱ ጋር ደምሮ ይቆጥረዋል። እንቅስቃሴው ከጉዳይ ጋር ሲታሰር ሞራል የሚባለው ጥያቄ ራሱ ይቀራል።

ተረት፦ ካልደከመህና ላብ ካላጠመቀህ አልሠራህም

ሚያዝያ ላይ፣ ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቦ እስከ አንገቱ ዚፕ ዘግቶ የሚሮጥ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ከሹራቡ ሥር ሆዱ ላይ ላስቲክ የጠቀለለም አለ፤ ቦርጭ እንዲያቀልጥለት። ሲጨርስ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ አንድ ኪሎ ቀንሷል! ቤቱ ገብቶ አንድ ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ ኪሎዋ ትመለሳለች። የሄደው ውኃ ነበርና። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው፤ ስብ በላብ አይወጣም። ላስቲኩ ያተረፈለት ነገር ቢኖር የሙቀት ሕመም አደጋ ነው። ከአደጋው በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚለው ነገር ነው፦ "ይህን ሁሉ ለፍቼ ምንም አልቀነስኩም" ብሎ ይተወዋል። ሞራሉን የገደለው ስንፍና ሳይሆን የተሳሳተ ሚዛን ነው።

ሥቃዩም እንደዚያው ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲመራመር የቆየው ፓንተሌይሞን ኤኬካኪስ ለዓመታት ያጠናው ሰዎች ስፖርቱን እየሠሩ ሳሉ የሚሰማቸውን ነው። ፍጥነቱ ትንፋሽ ከሚያሳጥርበት ወለል ሲያልፍ የአብዛኛው ሰው ደስታ ይወርዳል። ሰው ደግሞ መጥፎ ስሜት ወደተወለት ነገር መመለስ አይወድም። ጀማሪ ከሆናችሁ ልኩ ይህ ነው፦ እየሄዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት መቻል አለባችሁ፤ መዝፈን ካቃታችሁ ደግሞ ፍጥነቱ በቂ ነው። ጓደኛ ይዞ መውጣት የሚረዳውም አንድም በዚህ ነው፤ ወሬው ሩጫውን ልክ ያስይዘዋል። ኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎርፍበት ሁሉም ለማሸነፍ ስለመጣ አይደለም፤ አብዛኛው እየጨፈረና እየተራመደ ነው የሚጨርሰው።

መጠኑስ? የዓለም ጤና ድርጅቱ መመሪያ የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 22 ደቂቃ አካባቢ ቢደርስ መነሻው ተሟላ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢሉት 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈጠን ያለ እርምጃ ሩብ ሰዓት፣ ዝግ ካሉ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ቀድሞ "ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም" ይባል የነበረው ቀርቷል፤ ትንሹም ይደመራል። 10,000 እርምጃ የሚባለው ቁጥርም ከሐኪም የመጣ አይደለም፤ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው።

ተረት፦ 21 ቀን ከጸናህ ይለመዳል፤ አንድ ቀን ካቋረጥክ ከዜሮ ትጀምራለህ

21 ቀን የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ማክስዌል ማልዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው መጽሐፍ ጻፈው፤ "ቢያንስ" የሚለው ቃል በየአፉ ሲዞር ወደቀና ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ነገሩን በሥርዓት የለካው የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት ነው። እዚያ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ተከታትለው አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊወስድ እንደሚችል አገኙ፤ የመሐሉ ቁጥር 66 ቀን ነው። ውኃ መጠጣትን ከመልመድ ይልቅ ስፖርትን መልመድ ይረዝማል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም። መስከረም ላይ ጀምሮ በ22ኛው ቀን "ለእኔ አልተፈጠረም" ያለ ሰው እንግዲህ በማልዝ ታካሚዎች አፍንጫ ነው ራሱን የለካው።

ተስፋ መቁረጥም የሰነፍ ምልክት አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ ወጣና እዚያው ሩጫ በቃኝ አለ። የዓለም ክብረ ወሰኖችና ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ነው። በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሚሮጥ አስታወቀ፤ በእርግጥ ጫማውን የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መራራው ቀን ውሳኔ እንዲወስን ቢተውለት ኖሮ አምስቱ ዓመታት አይኖሩም ነበር።

ተረት፦ በጎ በጎውን ብቻ አስብ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል

ይህ ተረት ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያስቸግረው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ጋብሪየሌ ኤቲንገን ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ስታጠና ሁለት ነገር ለየች። "ይሳካልኛል" ብለው ያመኑት የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው፣ አምረው፣ ሰው ሲያደንቃቸው አብዝተው በሐሳባቸው ይስሉ የነበሩት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ቀነሱ። ሕልሙ ጣፋጭ በሆነ ቁጥር ሰው የደረሰ ይመስለዋል፤ ጉልበቱም ይላላል። እሷ የምትመክረው ምኞትን ከያዙ በኋላ እንቅፋቱን በስሙ ጠርቶ፣ ሲመጣ የሚደረገውን አስቀድሞ መወሰን ነው።

የባሕር ዳር እንቅፋት ደግሞ ስም አለው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቀን አይመርጥም። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው፤ ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር በቁምጣ መቆም ትንኝን መጋበዝ ነውና እጅጌ ረጅም ልብስ ወይም የጠዋት ሰዓት ይሻላል። "ከሩጫ ዋና ይቀለኛል" የሚል ካለም በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንዳለ ይወቅ።

ከሁሉም የከበደው ሰላም ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በባሕር ዳር የሰዓት እላፊ ሲጣል፣ የማታው ሽርሽር በአንድ ጊዜ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሰው "ፈገግ በል፣ በጎ አስብ" ማለት ምክር አይባልም፤ ሐዘንና ሥጋት ቦታቸውን ይዘዋልና። መራመድ ሥጋቱን አያነሣውም፤ ውጥረቱን ግን ለጥቂት ሰዓት ያረግበዋል፤ ለእንቅልፍም ይረዳል። መንገዱ ሲዘጋ የሚቀረው ግቢው ነው፦ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽአፕ፣ ገመድ ዝላይ፣ ደረጃ ካለ ደረጃ። መመሪያው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጠይቃል፤ ቁጭ ብድጉና ፑሽአፑ ለዚያ ይረዳሉ። ልጆች ካሉ ደግሞ ገመዱን እነሱ ይያዙት፤ የሚቆጥርላችሁም አይጠፋም።