የአደን ሥጋ እራትና ወይን፦ ጣዕሙ ከምጣዱ በፊት ይወሰናል

በደቡብ አፍሪካ አደን የሚደራው በብርዱ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ስፕሪንግቦክ ወይም አጋዘን አብስሎ ወዳጅ መጋበዝ፣ ከጎኑም የአገሩን ቀይ ወይን ማቅረብ የተለመደ ነው። ነገሩ ከእንስሳት ንግድ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ጋባዡ ወይን ሲመርጥ የሚያስባቸው ሁለት ጉዳዮች፣ ማለትም የሥጋው ስብ ማነስና እንስሳው የሞተበት ሁኔታ፣ ከሞያሌ ፍየል ጭኖ ለሚነሳ ነጋዴም ዋጋ የሚወስኑ ናቸው።

ቀይ ሥጋ ቀለል ያለ ወይን ይወዳል

የዱር እንስሳ ሥጋ ጮማ የለውም፤ ስቡ ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ አይበልጥም። ቀይ ወይን ደግሞ ታኒን የሚባል ምላስ የሚያደርቅ ነገር አለው። የሰባ የበሬ ሥጋ ይህን ድርቀት ያለሰልሰዋል፤ ስብ የሌለው ሥጋ ግን ያን ያህል አያግዝም። ስለዚህ የስፕሪንግቦክ ሽንጥ በኃይለኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተጠብሶ ሲቀርብ፣ እንደ ፒኖ ኖይር ወይም ሲንሶ ያለ ቀለል ያለ ወይን ይስማማዋል። ፒኖታዥ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ወይን የእነዚህ የሁለቱ ዲቃላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በስቴለንቦሽ ያዳቀላቸው አብርሃም ፔሮልድ ነበር። የአጋዘን ሥጋ ከነአጥንቱ በብረት ድስት ለሰዓታት ሲንተከተክ ግን መረቁ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ጠንከር ያለ ሺራዝ ይችለዋል።

በእኛ አካባቢ ይህን እራት በቤቱ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ለጋ የቆላ ፍየል ቢመርጥ አይሳሳትም። ሥጋው እንደ አደን ሥጋ ስቡ ጥቂት ነው፤ ከመጠን በላይ ከበሰለም እንደዚያው ይደርቃል። በቅቤ ተለውሶ በኃይለኛ እሳት ይጠበስ፤ ከእሳት ወጥቶ ጥቂት ይረፍ፤ ከዚያም በጭረቱ አግድም ይቆረጥ። ከዝዋይ የሚወጡት የአካሺያና የሪፍት ቫሊ ቀይ ወይኖች ከአልጫ ጥብስ ጋር ይሄዳሉ። በርበሬ ከበዛ ግን አልኮልና ታኒን ቃጠሎውን ያብሱታል፤ ስለዚህ እንደ አክሱሚት ጣፋጭነት ያለው ወይን ወይም ጠጅ ይሻላል። በቆላ ከተማ ደግሞ ቀይ ወይን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ለመጠጣት የሚመቸው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው።

ሮጦ የሞተ እንስሳ

ጤነኛና ያረፈ እንስሳ ሲታረድ በጡንቻው የተከማቸው ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል። የሥጋው ፒኤች ከ7 አካባቢ ተነስቶ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ሲሳደድና ሲደነግጥ የቆየ እንስሳ ግን ስኳሩን አስቀድሞ ይጨርሳል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፤ ይጣበቃል፤ ቶሎም ይበላሻል። በደቡብ አፍሪካ ለገበያ የሚያድኑ ባለሙያዎች በሌሊት፣ መንጋው ሳይደነብር፣ በአንድ ጥይት ለመጣል የሚጥሩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሥጋው አንዴ ከተበላሸ ውድ ወይን አያድነውም።

በአይሱዙ ተጨናንቆ፣ ውኃ ሳይቀምስ ቄራ የገባ ፍየልም ከተሳደደው ስፕሪንግቦክ አይለይም። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው ሥጋ ሳይጠቁር ከገዢው መድረስ አለበት። የቄራ ገዢዎች የቆላ በግና ፍየል የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል የሚለው ልምዳቸው ነው። ውኃና ዕረፍት ሰጥቶ ማቅረብ ወጪ አለው፤ የጠቆረ ሥጋ ግን ዋጋ ያወርዳል፤ ደንበኛም ያሳጣል።

የዱር ሥጋ በመኪና ላይ

የደቡብ አፍሪካ የአደን ሥጋ ገበያ በሕግ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. የ1991 ሕግ በተገቢው አጥር የተከለለ የዱር እንስሳ የባለርስቱ ንብረት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ታንዛንያም በ2020 ደንብ አውጥታ ፈቃድ ያላቸው ልኳንዳዎች የዱር ሥጋ እንዲሸጡ ፈቅዳለች። ኬንያ ግን ለስፖርት የሚደረግ አደንን በ1977 ዘግታለች፤ በ2013 ሕጓም የዱር ሥጋ ንግድን ወንጀል አድርጋዋለች። በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።

ስለዚህ ከከብት ጋር አብሮ የተጫነ አንድ ኬሻ የሜዳ ፍየል ሥጋ ጭነቱን በሙሉ አደጋ ላይ ይጥላል። የበሽታውም ነገር ቀላል አይደለም። ጎሽ የአፍና የእግር በሽታ ቫይረስን ሳይታመም ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። ሞቶ የተገኘ እንስሳ ደግሞ አባ ሰንጋ ሊኖረው ስለሚችል መገፈፍም መበላትም የለበትም።

እንግዶቹን ማወቅ

የድንበር ንግድ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አይደሉም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሳቸውን እርድ ይበላሉ። ጋባዡ ከአንድ መንጋ ሁለት ፍየል ገዝቶ ሁለቱንም በየወገናቸው ቢያሳርድና ለየብቻ ቢያበስል ማንም ጦሙን አያድርም። የኦርቶዶክስ እንግዳ ካለ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ሌሎቹ አጽዋማት ይታለፉ፤ የግመል ሥጋም አይቀርብለት። ወይን ለማይጠጡት የሮማን ጭማቂ ወይም ቀዝቃዛ ከርከዴ ይቅረብ፤ ሁለቱም ኮምጠጥ ስለሚሉ ከጥብስ ጋር ይስማማሉ። ወይኑም በጋራ ድስት ውስጥ አይጨመር።

ቀይ ሥጋ የሚፈልግ ገዢ በከተማም በውጭም አለ። የቆላ ፍየል ያለ አደን ፈቃድና ያለ አጥር ይህን ጣዕም ማቅረብ ይችላል። ነጋዴው መጠበቅ ያለበት እንስሳው ጠጥቶና አርፎ ከቄራ መድረሱን፣ የጤና ምስክር ወረቀቱም ከጭነቱ ጋር መሆኑን ነው።