እውነት ወይስ ተረት? የውጭ አውራ በግ ያስገባ ሁሉ ያተርፋል?

በመንዝና በግሼ ደጋ ስለ በግ ማዳቀል ሲወራ «የውጭ አውራ ያስገባ ገበሬ አተረፈ» መባሉ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። ገበሬውን የሚጎዳው የቀረው ግማሽ ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል የመጣው አዋሲም ሆነ ኋላ ከደቡብ አፍሪካ የገባው ዶርፐር ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ግልገሉ ቶሎ ያድጋል፣ ሚዛን ላይም ይከብዳል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ትልቅ ሰውነት ብዙ መኖ ይጠይቃል። ውርጭ ግጦሹን ሲያቃጥለው የመንዝ በግ ላቷ ውስጥ ባጠራቀመችው ስብ ትከርማለች፤ ክልሱ ግን ድርቆሽና ፉርሽካ ካልተጨመረለት ይከሳል። የመኖው ወጪ ሳይቀነስ «አተረፍኩ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

«የመንዝ በግ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ዘር ነው» የሚባለው ተረት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ብርሃን ላይ ከሆሮ በግ ጋር ጎን ለጎን ሲጠና የመንዝ ግልገሎች ሞት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የሞተ ግልገል ኪሎ የለውም።

«ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። ከአዋሲ በፊት ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የተባሉ የውጭ ዘሮች ተሞክረው ነበር። ክልሶቻቸው ላታቸው ቀጭን፣ መልካቸውም ባዕድ ስለሆነ ገበሬው ገፋቸው። የበዓል በግ ገዢ ወገቡን ይጨብጣል፣ ከዚያ ላቱን ከሥር በመዳፉ አንስቶ ይመዝነዋል። ላት የሌለውን ማን ይገዛዋል? ገበሬው ገበያውን ከባለሙያው በላይ ያውቅ ነበር።

«የክልስ ሥጋ አይጣፍጥም» የሚሉም አሉ። የሥጋን ልስላሴ በይበልጥ የሚወስኑት ግን የበጉ ዕድሜና አመጋገቡ ናቸው። ያረጀና የከሳ በግ ከየትኛውም ዘር ቢሆን ሥጋው ይጠነክራል።

ክልስ አውራ ለክልስ ሴት ማጋባትም አያዋጣም፤ በመጀመሪያው ትውልድ የታየው የድቅልነት ብርታት በሚቀጥለው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አውራው ከየትም ይምጣ፣ ደሙ ሳይመረመር መንጋ ውስጥ መግባት የለበትም። ሜዲ-ቪስና የተባለው ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የቫይረስ በሽታ በአዋሲ ማዳቀያ ማዕከላት ገብቶ የአውራ ሥርጭቱን አስቁሞ ነበር። ክትባትም መድኃኒትም የለውም።

የመንዝ በግ ትልቁ ጉዳት ያለው ገበያው ላይ ይመስለኛል። ቀድሞ የፋፋው ጠቦት ለበዓል ቀድሞ ይሸጣል፣ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የመንጋው ሰውነት ያንሳል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ተቋም ከኢካርዳ ጋር የጀመሩት ሥራ ይህን ይገለብጣል። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ቁመናቸውንና እናታቸውን አይተው ይመርጣሉ፤ የተመረጡት ለዘር ቀርተው በየመንደሩ በጋራ ያገለግላሉ፣ የቀሩት ተኮላሽተው ይቀለባሉ ወይም ገበያ ይወጣሉ።